የቆመ ይቆጠራል

ኬዚያ ብራዝዌት የፍላትቡሽ ሰፈር የፖለቲካ ክለብ ጸሐፊ ናት። ትሬቨር ጊተንስን ያወቀችው በጥር ስብሰባ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አባቱን ደግፎ ክለቡ ወደሚሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሲያወርድ ነው። አባትየው ሚስተር ጊተንስ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ትሬቨር ከአንድም ስብሰባ አልቀረም። አባቱ ልጃቸው ለፖለቲካ የነቃ መሰላቸው፤ እሱ ግን ዓይኑን ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ መንቀል አቅቶት ነበር።

በሰኔ ክለቡ በሁለት ረቂቅ ሕጎች ላይ ሊወስን ተሰበሰበ። የፖሊሶችን የቅጣት መዝገብ ለሕዝብ የሚከፍተው ቶሎ አለፈ። «መጥፎ ፖሊስ ያሳፈረው እኔን ነው» ብለው ሚስተር ጊተንስም ደገፉት። ሁለተኛው ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የታሰረን ሰው ጉዳይ ዳኛ እንደገና እንዲያየው የሚፈቅድ ነበር። የኬዚያ ወንድም ዴክስተር ከታሰረ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የሰፈሩ የምክር ቤት ተወካይ ደግሞ ክለቡ ላልደገፈው ሕግ ድምፅ አይሰጡም።

«የሚደግፉ ይነሱ ሲባል ትነሳለህ አይደል?» ብላው ነበር ትሬቨርን ከስብሰባው በፊት።

«እነሳለሁ።»

ሚስተር ጊተንስ ተቃወሙ። «በወንጀለኛ የተገደለ የሥራ ባልደረባዬን የቀበርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው» አሉ። «ለሚስቱ ጉዳይዋን እንደገና የሚያይላት ዳኛ የለም።»

ኬዚያ ቃላቸውን ሳትቀንስ ጻፈች።

ሰብሳቢዋ ሚስ ፒልግሪም የሚደግፉት እንዲነሱ ጠየቁ። ኬዚያ ቆጠረች፤ ሃያ ዘጠኝ። ትሬቨር መዳፉን እያየ ተቀምጧል። የሚቃወሙት ሲጠሩ አባቱ ክንዱን ያዙ፤ አነሳቸው፤ እንዳይወድቁ አብሯቸው ቆመ። በክለቡ ደንብ የቆመ ይቆጠራል። ሃያ አንድ። ለማለፍ ከሃምሳው ሠላሳ ያስፈልግ ስለነበር ተቃዋሚዎቹ አሸነፉ።

በእረፍቱ ሰው ለእረፍቱ ወደቀረበው የማካሮኒ ትሪ ሲሄድ ትሬቨር ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

«እኔ እኮ አባቴን ልደግፍ ብዬ ነው የቆምኩት።»

«ከዚያ በፊትስ? የሚደግፉ ይነሱ ሲባል ጉልበቱን የታመመው አንተ ነበርክ?»

ወደ አባቱ ዞር ብሎ አየ።

«ፈራሁ» አለ።

ቀና ብላ አላየችውም። «ድምፁ ይደገም ማለት የሚችለው ከአሸናፊዎቹ ጋር የተቆጠረ ሰው ብቻ ነው፤ ስብሰባው ሳይበተን። ይህን የምነግርህ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው።»

ሰው ወደ ቦታው ሲመለስ ትሬቨር እጁን አወጣ። «ድምፁ ይደገምልኝ። የተቆጠርኩት በማላምንበት ነው።»

«ጊተንስ፣ ጉድህ ፈላ፤ ተቃዋሚህን ራስህ አሳድገኸዋል» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

አባቱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ለማን ብለህ ነው?»

«ለራሴ ነው፣ አባዬ።» ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ዞረ። «ለእሷም።»

የኬዚያ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«ኬዚያ» አሉ ሚስ ፒልግሪም፣ «የመጨረሻዋን ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ አታስገቢያት።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው የሚደግፉትን አስነሱ። ትሬቨር ከአባቱ ወንበር አጠገብ ቆመ። ሠላሳ። የሚቃወሙት ሲጠሩ አባቱን አነሳ፣ እጃቸውን የፊተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ አኖረላቸውና ተቀመጠ። ሃያ። ሕጉ የክለቡን ድጋፍ አገኘ።

ሰው ሲወጣ ሚስተር ጊተንስ ወደ ኬዚያ ጠረጴዛ መጡ።

«ወንድምሽ ሲታሰር ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ሚስተር ጊተንስ ጠረጴዛውን ተደገፉ።

«አሁንም አልተስማማሁም።»

«አውቃለሁ፣ ሚስተር ጊተንስ። ጽፌዋለሁ።»

«እሑድ ምሳ እኛ ቤት ነይ» አሏት። «የባልደረባዬን ፎቶግራፍ አሳይሻለሁ። አንቺም የወንድምሽን ይዘሽልኝ ነይ።»