ጫፉ ያጋደለ ብዕር

«ይቺ ብዕር ቀለም ትጠጣለች እንጂ አትተፋም» አለ ካኪ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ።

ፈንታው ከያዘው ሰዓት ላይ ቀና አላለም። «ስንት ዘመኗ ነው?»

«ከአባቴ በዕድሜ ትበልጣለች።»

ምልክቱ ትክክል ነው። ቃል በቃል።

1980 ዓ.ም. ነው። የቆቦ ገበያ ፈንታውን የሚያውቀው በሰዓትና በብዕር ጠጋኝነቱ ነው። በረሃ ያሉት ታጋዮች ግን «ብርሌ» ይሉታል። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ወርቅዬ ዛሬ ከከተማው የምትወጣበትን መንገድ «ሙሴ» ለተባለ መልእክተኛ መንገር አለበት። ሙሴ የዋጃ አስተማሪ ነው። ተያይተው አያውቁም። መተዋወቂያቸው ብዕሩ ነው።

ተቀበለው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማንጠልጠያ የሌለው። ቂጡን ሲያዞረው የወርቅ ጫፉ ከሆዱ ውስጥ ብቅ አለ። ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ነው፤ እስከ ወልድያ ቢዞሩ ሁለተኛ አይገኝለትም።

ጫፉን በአጉሊ መነጽር አየው። የብዙ ዓመት ጽሕፈት ባንድ ጎኑ በልቶ አጋድሎታል። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይጨርሰውም።

ባለቤቱ ግራኝ ነው።

«እስቲ ሞክራት» ብሎ ወረቀት ሰጠው።

ሰውዬው በቀኝ እጁ ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱን ቧጠጠው።

ብዕሩ እውነተኛ ነው። ሰውዬው አይደለም።

ሙሴ ተይዟል ማለት ነው። ምልክቱን እስኪናገር ስንት ቀን ደብድበውት ይሆን?

ፈንታው ድንጋጤውን ጠበቀ። አልመጣም። አሁን ቢሸሽ ወርቅዬ ትያዛለች። ቢዋሽ ሙሴን ይገድሉታል።

«መንገዱስ?» አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በዋጃ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ጤፍ በጫነ መኪና።»

እሷን እስኪይዙ ፈንታውን አይነኩትም። ስምንት ሰዓት ላይ የመንግሥት ወታደሮች በሁለት መኪና ወደ ዋጃ ከነፉ። ያኔ ወርቅዬ ሬዲዮውን በማሽላ ጆንያ ከታ፣ ከግመል ነጂው ከአሊ ጋር በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ወረደች።

«አብረን እንውረድ እንጂ! ወላሂ አይምሩህም» ብሎት ነበር አሊ፣ ከፈንታው ሲሰነባበቱ።

«ሂዱ። ሦስት ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።»

እሱ በሮቢት በኩል ወደ ደቡብ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መርሳ፣ እህል ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም አንድ ነጋዴ ሲያወራ ሰማ።

«ዋጃ ላይ አስተማሪ ረሸኑ። ካሣዬ የሚባል፣ የሁለት ልጆች አባት።»

ካሣዬ። ስሙን ገና አሁን መስማቱ ነው።

«ታውቀው ኖሯል?» አለ ነጋዴው፣ ቆሞ ሲያየው።

«አላውቀውም።»

ጆንያውን አወረደ። ሊያለቅስ ሞከረ፤ ዓይኑ ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

«አለሙ!» ብሎ ባለወፍጮው ተጣራ። «አለሙ፣ አትሰማም እንዴ!»

ፈንታው በሁለተኛው ጥሪ ዞረ።