የብርጓል የፈታቻት የነሐስ ክዳን

ግራዝማች ካሴ «የቀጥቃጭ ዘር፣ ላሜን በላሃት» ብሎ የሰደበኝ የካቲት 16 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የኪዳነ ምሕረት ለት ነው። ሰዓቱ ስምንት ግድም ይሆናል። የቆመበትን ቦታ ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቱ ጓሮ፣ ከከብቱ ገንዳ አጠገብ፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ፣ ጭራውን በግራ እጁ ይዞ። ለዝክር የጠራቸው አሥራ አንድ ሰዎች ሰምተዋል። ስማቸውን አንድ ባንድ ልጠራላችሁ እችላለሁ፤ ግን ምን ያደርግላችኋል? አንቱ ማለቱንም የተውኩት ያን ለት ነው። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ ልጁ፣ ስለ የብርጓል ነው።

ፈንታ አንሙት እባላለሁ። አባቴ ሮብ ገበያ አጠገብ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። በኛ አገር ማረሻውን ይገዙሃል፤ ቤትህ ገብተው ግን አይበሉም። ልጅህን አያገቡም። ከብት ሲሞት፣ ሕፃን ሲታመም ዓይናቸው ወዳንተ ይዞራል። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁትም ሰንፌ አይደለም፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ስለጠፋ ነው። እኔ የተነሣሁበትን ወንበር በውኃ ያጥቡት ነበር። ይህም ቀን አለው፤ ልተወው።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ቤት አትክልተኛ ሆኜ ገባሁ። ፈረንጁ ጎመኑን የሚያጠጣው በቧንቧ ነበር። በቧንቧው መሐል አንዲት የብረት ዕቃ ከነማሰሮዋ ተገጥማለች። ማሰሮዋ ውስጥ ማዳበሪያ በጥብጦ ይጨምራል፤ ውኃው ሲያልፍ ማዳበሪያውን ጥቂት ጥቂት እየሳበ ወደ ተክሉ ይዞት ይወርዳል። ሰው በእጁ አይበትን፣ ባልዲ አይሸከም። ወዳገሩ ሲመለስ ያችን ዕቃ ከተረፈው ማዳበሪያ ጋር ለኔ ሰጠኝ። ጫማውንም ጨመረልኝ። ታዲያ ሲሰጠኝ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ ነገር አለ። ከማሰሮዋ በላይ፣ ቧንቧው ውስጥ፣ ስሙኒ የምታህል የነሐስ ክዳን ተገጥማለች። ውኃው ወደ ተክሉ ሲወርድ ትከፈታለች፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ትዘጋለች።

«ይቺ ከሌለች መርዝ ነው» አለኝ። «ማዳበሪያው ተመልሶ ወደሚጠጣው ውኃ ይገባል።»

ግራዝማች ካሴ ወሬውን ሰምቶ አስጠራኝ። ከቤቱ በላይ ካለ ምንጭ የሚሞሉ ሁለት በርሜሎች በድንጋይ ካብ ላይ አቁሟል። ከበርሜሎቹ የሚወርደው ቧንቧ መሐል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ታች ወዳለው የከብት ገንዳ፣ አንዱ ወደ ጓሮው አትክልት። ጥቅል ጎመንና ካሮት ተክሎ ለትልልቅ ሰዎች ቤት እጅ መንሻ ሊልክ ያስብ ነበር።

የሄድኩት ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ለት ነው። የፈረንጁን ጫማ አድርጌያለሁ። ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ። ከረጢቴን ተሸክሜ በበሩ ስገባ አንዲት ልጅ በርሜሉ ሥር እንስራ ታጥባለች። ቀና አለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ... ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እግሬ አየች።

«ወንድሜ፣ ጫማውን አንተ ነህ የምትወስደው፣ ወይስ እሱ ነው አንተን የሚወስድህ?»

ሳቀች። ወጥ ቤት ያሉትም ሳቁ። ስሟን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እናቷ «የብርጓል፣ እረፊ» አሏት። እኔ አልሳቅሁም። በልቤ ያዝኩት።

ዕቃዋን ገጠምኩ። ስለ ነሐሷ ክዳን ለግራዝማች ነገርኩት፤ «እሺ፣ እሺ፣ ዋናው ማብቀሉ ነው» ብሎኝ አለፈ። አትክልቱ በወሩ መልኩ ተለወጠ፤ የጎመኑ ቅጠል ጋሻ አከለ። ግራዝማች ጎረቤት እየጠራ ያሳያል። እኔን ግን ከደጃፉ አላሳለፈኝም። ምሳዬ በኮባ ቅጠል ይመጣልኛል፤ ሳህናቸውን እንዳልነካባቸው።

በታኅሣሥ ውኃው መቆም አመጣ። «ና፣ ቆሟል» ይሉኛል፤ እሄዳለሁ፤ የቧንቧውን ወንፊት ስከፍት ባዘቶ ተወትፎበት አገኛለሁ። መጀመሪያ ነፋስ ያመጣው መሰለኝ። ሁለተኛው ግን ተድቦልቡሎ በክር ታስሯል። ቀና ስል የብርጓል ካቡ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች።

«ምን አገኘህ?»

«ጥጥ።»

«ወይ ጉድ። ከየት መጣ?»

«ካንቺ እንዝርት።»

«የኔ እንዝርት እግር የለውም።»

«አንቺ አለሽ።»

እንዝርቷን አቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ካልተበላሸ ትመጣለህ?» አለችኝ።

ጥጧን ኪሴ ከተትኳት።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንዴ ይበላሻል፤ በሳምንት አንዴ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ምሳዬን በቅጠል ሳይሆን በራሷ ጻሕል ይዛልኝ መጣች።

«ቅጠሉ ደርቋል፤ በዚህ ብላ።»

«ሰው ቢያይሽስ?»

«ይየኝ።»

ግማሹን በልቼ መለስኩላት። ጻሕሉን ተቀብላ አጠገቤ ቁጭ አለችና ያስተረፍኩትን በላችው። አንዱንም ሳታስቀር። ይህን ያላየ ሰው ምን እንደሆነ አይገባውም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከናቴ በቀር የኔን ትራፊ የበላ ሰው አልነበረም። ያን ለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ግን እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እዩ። ያቺ የኅዳር 21 ሳቅ አልወጣችልኝም። እንደ እሾህ ውስጤ ተሰብራ ቀርታለች።

በጥር መጨረሻ ዕቃዋን ፈታትቼ ስጠርግ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። የነሐሷን ክዳን በጣቷ ነካች።

«ይቺስ ምን ትሠራለች?»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት እግሬን አየች፤ ምናልባትም ሌላ ነገር ነው ያየችው። እኔ ግን ሳቋ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«የሥራ ነገር ነው። አይገባሽም» አልኳት።

«ንገረኝና ካልገባኝ ያኔ ትላለህ።»

«አልኩሽ እኮ።»

ፊቷ ጠቆረ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

የካቲት በገባ በሳምንቱ ግራዝማች ጠራኝ። «ከእንግዲህ ማሰሮውን እኛው እንሞላዋለን። መመላለስህ ይብቃ፤ ሰው እያየ ነው» አለኝ። «እሺ፣ እንዳሉ» ብዬ ወደ ጓሮ ስዞር የብርጓል ካቡን ተደግፋ ቆማለች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ከደብረ ኤልያስ ሽማግሌ ልከዋል። ታረቀ ለሚባል ልጅ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው ይላሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? አንተም አልጠየቅኸኝም።»

«ባሕር ዳር የሰው ዘር የማይጠይቁበት ሥራ አለ ይባላል» አልኳት። «ብጠይቅሽ ትመጪያለሽ?»

«ጠይቀኝና እይ።»

አባቷ ከውስጥ ተጣራ፤ ጥላኝ ገባች። ቧንቧ መፍቻ ቁልፌን ካቡ ሥር ትቼ ወጣሁ። ለሰው ረሳሁት እላለሁ፤ ግን ሆነ ብዬ ነው። ከኪዳነ ምሕረት ማግስት ለዕቃዬ መጣሁ ብዬ ልገባና ልጠይቃት። ይህን ግን ለሷ አልነገርኳትም። እሷም እኔን የምታስጠራበት የራሷን መላ ትፈልግ ነበር። እሱንም እኔ አላወቅሁም።

የካቲት 16 ግራዝማች ዝክር አወጣ። ለድግሱ ዕቃ ሲታጠብ፣ እንግዳ እጁን ሲታጠብ በርሜሎቹ ተሟጠጡ። የሚጠጣው ከምንጩ በእንስራ ስለተቀዳ እግዜር አተረፋቸው። ከቀትር በኋላ አንድ ሰው የገንዳውን ቧንቧ ለላሚቱ ከፈተላት። ከላይ የሚወርድ ውኃ የለም፤ ስለዚህ ገንዳው ከጎን፣ ከአትክልቱ መስመር ሳበ። ማሰሮው ሙሉ ነበር። የሚከለክለው ክዳን የለም። ላሚቱ የተበጠበጠውን ማዳበሪያ ጠጣችው።

ጠርተውኝ ስደርስ በጎኗ ወድቃ ሆዷ ተነፍቶ አረፋ ትደፍቃለች። አራት እግሯ እየተንዘፈዘፈ ነበር። ቆመን እያየናት ሞተች። ጥጃዋ ከጋጣው ትጮኻለች። ያኔ ነው ግራዝማች ያን ቃል የተናገረኝ። ቀጥሎም፣ «ግቢዬ መግባትህ ነው ጥፋቱ። ዓይንህ ነው» አለ።

ቄስ ገብረ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ከእንግዶቹ መሐል ወጡ። «ግራዝማች፣ ቀስ ይበሉ። እስቲ ልጁ ይናገር። አንተ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ወደ ቧንቧው ሄጄ ዳሰስኩት። መጋጠሚያው ላልቷል፤ ብረቱ ላይ የቁልፌ ጥርስ ገና ትኩስ ነው። ክዳኗ የለችም። ዞር ስል የብርጓል ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፋ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ጨብጣለች። ቋጠሮው ስሙኒ ያክላል። ፊቷ አመድ መስሏል።

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «ቋጠሮውን ፍቱት» ብል ከቡዳነት ነጻ እወጣለሁ። አሥራ አንድ ሰው ይመሰክርልኛል። እሷም አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ጠበቅኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ዕቃው የኔ ነው» አልኩ። «ነቅዬ እወስደዋለሁ።»

«ሰማችሁት? አመነ» አለ ግራዝማች። «ፀሐይ ሳትገባ ውጣልኝ።» እንግዶቹን ይዞ ገባ። ካህኑ ብቻ ዞረው አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ላሚቱ አጠገብ ተንበርክኬ ዕቃዬን እፈታ ጀመር። የብርጓል መጣችና ቋጠሮዋን ፈታ ክዳኗን ድንጋዩ ላይ አኖረቻት።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ትናንት በቁልፍህ ፈታኋት። ውኃው ይቆማል፣ ይጠሩታል ብዬ... የጥጡን ነገር አባባ ነቅተውበት ነበር።»

«ይቺ ብትፈታ ውኃ አይቆምም።»

«በምን ልወቅ?»

ቁልፉን አዞርኩ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል።

«እዚያ ስትቆም ልናገር ነበር። እግዜርን፣ ልናገር ነበር። አሁን ልግባና ልንገራቸው?»

«ተዪው። አንቺን ይገሉሻል፤ እኔን ደግሞ መድኃኒት አስነክቷት ነው ይሉኛል።»

«እንግዲያው እንሂድ። ባሕር ዳር ብለህ አልነበር? ይኸው፣ ነጠላዬን ለብሻለሁ። ሌላ የምይዘው የለኝም።»

ቁልፉን አስቀመጥኩ። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ቀን ቧንቧ ጠርጌያለሁ።

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ» አለች።

«ምን?»

«ምን ትሠራለች ብዬ ጠይቄህ ነበር። ብትነግረኝ በእጄ አልነካትም። ላሟም አትሞት፣ አንተም አትሰደብ። ለምን አልነገርከኝም፣ ፈንታ? እሱን ብቻ ንገረኝና ካልከኝ ቦታ እሄዳለሁ። ከሰው ባትቆጥረኝ ነው ወይ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ኅዳር 21 በጫማዬ ስለሳቅሽ ነው። ይህችው ናት። ግን የሞተች ላም መሐላችን ተዘርግታ፣ ጥጃዋ እየጮኸች፣ ይህን እንዴት ብዬ ላውጣው? በጫማ ምክንያት ልበላት? ደግሞም እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ፣ ሌላ ነገር ልቤ ውስጥ እየገባ ነበር፤ በአሥራ አንድ ሰው ፊት ዝም አለችኝ የሚል። ትራፊዬን የበላችልኝ ልጅ ናት፤ እኔ ግን ዝምታዋን ነበር የምይዝባት።

ከፋሲካ በኋላ ለታረቀ ተዳረች። አሁን ደብረ ኤልያስ የልጆች እናት ናት ይሉኛል። እኔ ሮብ ገበያ ተመልሼ አባቴ ይሠራበት የነበረው ወናፍ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ አላገባሁም። ክዳኗም ከጥጧ ጋር በትንሽ ሙዳይ አለች። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ግራዝማች ካሴን ለመክሰስ ብዬ ነበር። እሱ ግን ያወቀውን ያህል ነው የተናገረ።

ያን ለት ክዳኗን ከድንጋዩ አነሣሁ። ማሰሮዋን ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። የብርጓል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ለምን?» አለች ቀስ ብላ።

ከረጢቴን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና በጓሮ በር በኩል ወጣሁ። ጫማው እየሰፋኝ በየእርምጃው ጧ፣ ጧ ይላል። ከኋላዬ እየሰማችው ነበር። አልሳቀችም።