ማረፊያውን የያዘው ምንድን ነው?

ማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ ያቃጥላል። የእኛ መንደር፣ ዳልማቲያ የባሕር ዳርቻ፣ የመርከብ ማረፊያው ላይ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ የቅዱስ ሮኮ በዓል ነው። መንደሩ በሙሉ የቅዱሱን ሐውልት አጅቦ ማረፊያው ላይ ይወጣል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አባቴ ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ማረፊያውን የተሸከሙትን የብረት ምሰሶዎች መርምሬ "ይችላል" ወይም "አይችልም" ማለት ነው።

ምሰሶዎቹ ወፋፍራም ቱቦዎች ናቸው። ጫፋቸው ከባሕሩ ወለል በታች፣ ለስላሳው ዐለት ውስጥ ተቀብሯል። ሁልጊዜ የምንለካው ላይኛውን ነው፤ ውኃና አየር የሚገናኙበትን። ዐለቱ ውስጥማ አየር የለም፣ ምን ይነካዋል ብለን እንተወዋለን።

ለካሁ።

ስንት ዓመት ጨው ውስጥ የቆመ ብረት... ትናንት የተተከለ ይመስላል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ።

"ባርባ ዱዬ፣ ቀለም ቀብተውታል እንዴ?" አልኳቸው። ባርባ የምንለው አዛውንትን ነው፤ እሳቸው ማረፊያውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጠላቂ ናቸው።

"ለቀለም የሚሆን ጉልበት ቢኖረኝ ጀልባዬን አልቀባም ነበር ልጄ?"

ቀለዱ። ዓይኔን ግን አላዩም።

"ታችኛውን ልየው?"

"ተዪው።"

"ለምን?"

"ተዪው አልኩሽ... የመብያ ሰዓት ነው።"

እኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት ሁሉም ሥራ አቁሞ ሰርዲንና ዳቦውን ይበላል። ያኔ መሣሪያ መንካት ነውር ነው። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

አንድ የደበቁት ነገር አለ አልኩ በልቤ። ነውሩን ዋጥ አድርጌ የመመርመሪያ ካሜራዬን በላይኛው ቀዳዳ በኩል በገመድ ቱቦው ውስጥ ለቀቅኩት።

ውኃ... ጭቃ... ከዚያ ዐለቱ የሚጀምርበት ቦታ።

ብረቱ የለም።

ዝገት ጨርሶ በልቶታል። ሁለተኛውን አየሁ። ሦስተኛውንም። ሁሉም ዐለቱ ጋ ሲደርሱ ያልቃሉ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ የማረፊያው ሲሚንቶ በምን ቆሟል?

"አየሽ?"

ባርባ ዱዬ ከኋላዬ ነበሩ። ዳቦው እጃቸው ላይ ነው።

"ያውቁ ነበር?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ኧረ ካወቅኩ ቆየሁ።"

"አባቴ እኮ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው... ሰው ያልቃል።"

"እስካሁን ማን አለቀ?"

ካሜራውን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

"ማንም አይወጣም" ብዬ ማረፊያውን ዘጋሁት። መንደሩ ሰደበኝ። አባቴ ፊቱን አዞረብኝ።

ሲመሽ ሐውልቱን ይዘው ባሕሩ ዳር ቆሙ። መዝሙሩ ተጀመረ።

ያኔ ነው ባዶው ማረፊያ የተንቀሳቀሰው።

አልወደቀም። አልተሰበረም። ሲጥ እንኳ አላለም። ቀጥ እንዳለ... በቀስታ... ሰው የከበደውን ሸክም እንደሚያስቀምጥ፣ ወደ ውኃው ወረደ።

መዝሙሩ ቆመ። አባቴ መጥቶ እጄን ያዘኝ። እጁ ቀዝቅዟል።

በማግስቱ አንዱ ምሰሶ ባሕሩ ዳር ተጋድሞ ተገኘ። ታችኛውን ጫፉን ልዳስሰው ጎንበስ አልኩ።

ውስጡን ዝገት በልቶታል፤ በውጭ በኩል ግን ዝገት የለውም። ብዙ እጅ እንደጨበጠው የአካፋ እጀታ ለስልሷል።

እና... የያዘው እጅ አሁን የለቀቀው ይመስል፣ ገና ይሞቃል።