ወንዲ ቃል የገባው ዓይን

ሊቤ ግቢያቸው ስትደርስ አጎቷ ኦቦ ደገፋ መንገድ የሚዳስሱበትን ነጭ በትራቸውን ለቲማቲም ተክል ድጋፍ አድርገው ያስሩት ነበር።

«ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አሏት። «ወንዲ ነግሮኛል።»

ኦቦ ደገፋ በየዓመቱ ዓይናቸውን የሚያደክም፣ ከአባታቸው የወረሱት ሕመም አለባቸው። በቅርቡ ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ የመብራት ምሰሶን ሰው መስሏቸው «አካም ቡልታን?» ብለው ሰላም ብለውት ዝም ሲላቸው፣ የዘንድሮ ሰው ኩራቱ አይጣል ብለው ተቀይመውታል። ቤተሰቡ ለምኖ ለምኖ በበትር የመሄድ ሥልጠና ያስጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንዲ የሊቤ የክፍል ጓደኛ ነው። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን በዘር የሚወረሰውን የሕዋስ መመሪያ፣ ጂንን፣ ስለ ማረም አብረው እየተዘጋጁ ነው። ሊቤ ያነበበችው፣ ተመራማሪዎች የተበላሸን ጂን እዚያው ታካሚው ዓይን ውስጥ፣ ሕዋሱ ሳይወጣ የሚያርም መሣሪያ እየሠሩ መሆኑን ነበር። ወንዲ ግን «እየሠሩ» የምትለዋን ቃል ዘሎ፣ ለኦቦ ደገፋ ለፋሲካ ይደርሳል ብሏቸዋል።

በማግስቱ ስትጠይቀው አልካደም። ደብሯቸው ሲያያቸው ሙዳቸው እንዲስተካከል ብሎ ነው። ዝም ካልናቸው ይረሱታል አላት። ሊቤንም ዝም ማለቱ አማራት፤ አጎቷ እንደዚያ ሲስቁ ካየች ቆይታለች። ነገር ግን ኦቦ ደገፋ ሥልጠናውን ትተው፣ የጎረቤታቸውን የአቶ ተሾመን ክንድ ይዘው እያወሩ ሁለቱም ቦይ ውስጥ ገቡ። አቶ ተሾመ ደግሞ ደህና አድርገው ያያሉ።

ማምሻውን ሊቤ ወንዲን በሸሚዙ ጎትታ አጎቷ ቤት ወሰደችው። ወንዲ ከበሩ አላልፍ አለ። ስለዚህ እሷው ነገረቻቸው፤ መሣሪያው ገና በጥቂት ታካሚዎች ላይ እየተሞከረ መሆኑን፣ በዘር የሚመጣ የዓይን ሕመም ብዙ ዓይነት እንደሆነ፣ ለእሳቸው ይሁን አይሁን እንደማታውቅ።

ኦቦ ደገፋ እስከ ፋሲካ ያለውን ጊዜ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ለፋሲካ አይደርስም ማለት ነው?»

«አይደርስም፣ አጎቴ። መቼ እንደሚደርስም አላውቅም።»

«እየሞከሩ ግን ነው?»

«እየሞከሩ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወንዲን ሊቆጡ ዞሩ፤ የዞሩት ግን ወደ ቁም ሳጥኑ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ ለሰው ዓይን ስትሰጥ ቀኑን አጣራ።»

«እሺ» አለ ወንዲ ከበሩ በኩል።

ኦቦ ደገፋ ወደ ድምፁ ዞረው ሳቃቸው አመለጣቸው። ሥልጠናው ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን፣ ብቻቸውን ታክሲ መያዝ እንደሚያስፈራቸው የተናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሊቤ የመረብ ኳስ ልምምድ አላት፤ ወንዲም እስከ እኩለ ቀን ይተኛል።

«እናደርስዎታለን» አለች ሊቤ። ወንዲን አላማከረችውም።