በፕሮፊራ እጅ የተገኘው ጧፍ

የፖሊስ መርማሪዋ ኮሚሳር ሳቢና ኮርዱን ከጀልባው ስትወርድ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ቦቲዋ የተዋሰችው ነው፤ በሁለት ቁጥር ይበልጣታል። እየተጎተተች ከሟቿ ቤት ደረሰችና ወደ ምድር ቤቱ ቁልቁል በባትሪ አበራች።

«አልነካናትም» አላት ሳንዱ፣ የሟቿ የእህት ልጅ። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ አረቄ አረቄ ይላል። «እንዳዘዙን ነው የተውናት።»

ፕሮፊራ ማንዛቱ ከደረጃው ግርጌ በጀርባዋ ተጋድማለች። አርባ ዓመት የቫዱ ሳልቺ መንደርን ልጆች አስተምራ፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ወላጆቻቸውን ስታስጨንቅ የኖረች ሴት ናት። «የጎርፍ ሻንጣችሁ የታለ? ወረቀታችሁን በላስቲክ ጠቅልላችኋል? አልጋ የያዘውን ሰው ማን ያወጣዋል?» እያለች ቤት ለቤት ትዞር ነበር። በእጅ የሚዘወረው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባም የተቀመጠው በእሷ ጣራ ስር ነው። ሰኞ ማለዳ በሲረት ወንዝ ግራ ዳርቻ ያለው የአፈር ክትር ተደርምሶ ውኃው ሰፈሩን ሲጠርገው ግን ጡሩምባው ትንፍሽ አላለም። ሦስት ሰው ሞተ። እሷ አራተኛ ሆነች፤ መንደሩም እንደ ማልቀስ ይረግማት ጀመር።

ሳቢና ተንበረከከች። የአሮጊቷ ማጅራት ተፈንክቷል። የተጨበጠውን ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ስትፈለቅቀው ጣት የማያህል የሰም ጧፍ ወጣ። ጫፉ ተለኩሷል፤ ክሩ ቀይ ሱፍ ነው።

«በጧፍ ብርሃን ነዋ የወረደችው» አለ ሳንዱ። ወዲያው ግንባሩን ቋጠረ። «ግን እኮ አክስቴ ጧፍ ቤቷ አታስገባም! በጎርፍ ቀን ጋዝ ስለሚያፈስ እሳት አይለኮስም ትል ነበር። በየክፍሉ ባትሪ ሰቅላለች።»

«ምድር ቤት ምን ልታደርግ ወረደች?»

«ምንም የለበትማ! ድንቹንም፣ ስልሳውን ጠርሙስ ማርማላታም ቅዳሜ ዕለት ወደ ጣራ ስር ያወጣሁት እኔው ነኝ። ወገቤን ይጠይቁት።»

ሳቢና የሟቿን ጫማ ሶል በሰንጢ ፋቀችው። ከጥቁሩ ደለል ስር፣ በጎድጓዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ቢጫ ሸክላ ብቅ አለ።

«ይህ ከየት የመጣ ነው?»

«እኔ እንጃ። እዚህ አገር አፈሩ ሁሉ ጥቁር ነው።»

ጣራ ስር ወጥታ ጡሩምባውን አየችው። እጀታው በቦታው ነው፤ በዘይት ታሽቷል። አጠገቡ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ነበረ። ጥቂት ገጾች አንብባ ወደ ኮቷ ከተተችው።

የመንደሩ ከንቲባ ግሪጎሬ ባላን ከተደረመሰው ክትር ጫፍ ላይ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። «ሁለተኛው ሙላት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳል» አላት ሳትጠይቀው። «አሁን ደግሞ የቀኙ ዳርቻም አይተርፍም። እርስዎ ስለ አንዲት አሮጊት ይመረምራሉ፣ እኔ ሁለት መቶ ሰው አሸሻለሁ!»

«አሮጊቷ በእርስዎ ላይ አመልክታ ነበር ይባላል።»

«አሥራ አንድ ጊዜ! ክትሩ ይጠገን እያለች። እውነቷን ነበር።» በእጁ ወደ ውኃው አመለከተ። «ያቺን ጣራ ያያሉ? ከውኃው ብቅ ያለችውን? ቤቴ ናት። ምን ይሁን ብዬ ልግደላት?»

ሳቢና የክትሩን ስባሪ እያየች ነበር። ላዩ ጥቁር አፈርና ሣር ነው፤ ሆዱ ግን ቢጫ ሸክላ። ውኃ ባልነካው ጥግ በኩል ጎኑ እንደ ደረጃ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ውኃ እንዲህ ይቆርጣል?»

ከንቲባው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ። «አካፋ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ወይ አምላኬ፣ አካፋ ነው።»

ድልድዩን ተሻግራ ተፈናቃዮቹ ከሰፈሩበት የኮረብታው ትምህርት ቤት ስትደርስ የግራው ዳርቻ ነዋሪ ዮርጉን ከበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን ኢርሚናን ውኃው ወስዶበታል።

«ፕሮፊራ ናት የገደለችብኝ» አላት ቀና ሳይል። «ጡሩምባው ቢነፋ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ልጄን እጇን ይዤያት ነበር እኮ። ይዤያት ነበር።»

ሳቢና ትከሻውን ዳሰስ አድርጋው መንገዷን ቀጠለች።

ሳትጠይቀው የቀረው በቀኝ ዳርቻ ከሁሉም ቤት ዝቅ ብሎ ከቀኙ ክትር ስር የተሠራው የንብ አርቢው የቶአደር ሙንቴ ቤት ነው። ሁሉም ሲሸሽ እሱ አልወጣም ብሏል። ሚስቱ አግሪፒና ስድስት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልተነሣችም፤ የሚንቀሳቀሱት እጆቿ ብቻ ናቸው።

«እንቅስቃሴ ይገድላታል» አለ ቶአደር በሩን በትከሻው ዘግቶ። «እዚሁ አብረን እንቀራለን።»

«እትዬ ፕሮፊራ ስለዚህ ጉዳይ አላነጋገረችዎትም?»

«በር ላይ ነው የመለስኳት። ምክር የሚያበዛ መች ጠፍቶ! እሷም ማርማላታዋን ላድን ብላ ምድር ቤት ሰጠመች አሉ። ነፍሷን ይማር።»

«ማን ነው ቶአደር? እንግዳ በር ላይ ይቆማል?» አለች አግሪፒና ከውስጥ። ሳቢና ገባች። ሴትየዋ ደረቷ ላይ አሮጌ ቀይ ሹራብ እየተረተረች ክሩን ትገምዳለች።

«ምን እየሠሩ ነው እናቴ?»

«የጧፍ ክር ነዋ፣ ልጄ። እሱ ሰሙን ያቀልጣል፣ እኔ ክሩን እገምዳለሁ። ለሚሞት ሰው ጧፍ ማስጨበጥ ወግ አይደል፤ ያለ ብርሃን እንዳልሞትበት ፈርቶ አንድ ጧፍ ከደረት ኪሱ አይለይም።» ሳቅ አለች። «እስካሁን አልሞትኩለትም። ሰኞ ደግሞ የነበረውን ጥሎ መጣና አዲስ አስገመደኝ።»

ቶአደር መስኮቱን እያየ ነበር። ትከሻው ቀስ ብሎ ሲወርድ ሳቢና አየችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱንም ወንዶች በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከንቲባው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች። «ፕሮፊራ ሳትነቃ ቀርታ የሰጠመች ይመስላችኋል። ጫማዋ ግን ሌላ ይላል። ሶሉ ውስጥ ያለው ቢጫ ሸክላ ከክትሩ ሆድ ሌላ የትም የለም፤ ካልተቆፈረም አይታይም። ስለዚህ ውኃው ሳይመጣ እዚያ ደርሳለች፣ የሚቆፍር ሰውም አግኝታለች። ክትሩ አልፈረሰም፤ አፈረሱት።»

ዮርጉ ተነሣ። «ማን?»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ ዮርጉ። የግራው ሲከፈት የሚተርፈው የቀኙ ነው። ከንቲባው፣ ሳንዱና እርስዎ የግራ ሰዎች ናችሁ። የገዛ ቤቱን የሚያሰጥም የለም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ገዳዩ ምድር ቤት የጨመራት ማርማላታዋን ልታድን ወርዳ ሰጠመች እንዲባል ነው። የቤቱ ሰው ግን ምድር ቤቱ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ገዳዩ ሊሄድ ሲል ጨክኖ ሊተዋት አልቻለም። ክርስቲያን በጨለማ እንዳትሞት ብሎ ጧፍ ለኩሶ አስጨበጣት። ቤቷ ጧፍ የለም። ከኪሱ ነው ያወጣው።»

ጧፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀዩን ክር ሁሉም አየው።

ቶአደር አልካደም። «ሚስቴን ልትጠይቂ ስትገቢ አውቄው ነበር» አለ። «ሌሊቱን ሁሉ ውኃው ከቤቴ ደፍ ስር ሲንሿሿ ሰማሁት። የግራውን ብከፍት እርሻውን ብቻ ይወስዳል ብዬ ነበር… እርሻውን ብቻ። ፕሮፊራ በባትሪ መጣች። ወደ ጡሩምባው ስትሮጥ ከቤቷ ደጅ ደርሼ በአካፋው ጠፍጣፋ መታኋት። ላስቆማት ብቻ ነበር።» ወደ ዮርጉ ዞረ። «ዮርጉ፣ ልጅህን…»

«ስሟን እንዳትጠራ!»

ሳቢና ደብተሩን አወጣች። ማንበቡ ጭካኔ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ሰዓቱ የሚጠብቃት አልነበረም።

«‹የሙንቴ ቤት። ከመንደሩ ሁሉ መጀመሪያ የምትወጣው አግሪፒና ናት። የጓዳው በር ተነቅሎ ቃሬዛ ይሆናል። ተሸካሚዎች ሳንዱ፣ ባላን፣ ዮርጉና ቶአደር ራሱ። ሐኪሙን ጠይቄአለሁ፤ ተኝታ በዝግታ ከተያዘች አደጋ የለውም ብሏል። ሦስቱም እሺ ብለዋል። ቶአደር ኩሩ ነው፤ ቀኑ እስኪደርስ አትንገሩት።›»

ሰውየው እንደሚታረድ በሬ ጮኸ። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች እጁን ሲያስሩት እንኳ የሚያደርጉትን ያወቀ አይመስልም ነበር።

«አንድ ሰው ጎደለ» አለ ሳንዱ።

«እኔ እይዛለሁ» አለች ሳቢና።

ከንቲባው ወደ ዮርጉ ማየት ፈራ። ዮርጉ ግድግዳውን እያየ ቆሟል። ከውጭ የሬዲዮው ድምፅ ሰዓቱን ይቆጥራል። ማንም ና አላለውም፤ ማንም የማለት መብት አልነበረውም። መጨረሻ ላይ ኮቱን አንሥቶ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

የሙንቴን የጓዳ በር ከማጠፊያው የነቀለው እሱ ነው። አግሪፒናን ከነብርድ ልብሷ አስተኝተው ትከሻቸው ላይ ሲያወጧት ውኃው የክትሩን አፍ አልፎ በጓሮው ቀፎዎች መካከል መሮጥ ጀምሯል። ጭቃው እግራቸውን እየያዘ ኮረብታውን ወጡ።

«ቶአደር የታለ?» አለች አግሪፒና። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። «ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? ዮርጉ፣ አንተ እንኳ ንገረኝ። ባሌ የታለ?»

ዮርጉ በሩን ከትከሻው ወደ ክንዱ አዛወረው። እንዳትንሸራተት በሌላ እጁ ብርድ ልብሷን ጨብጦ ያዘ።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አላት። «አጥብቀሽ ያዢ። መንገዱ ያዳልጣል።»