ሦስቱ የቡሬ መንገደኞች

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፣ ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ የቤት ፕላን የሚሠራው ያረጋል እጅጉ ላጲሱ ጠፋበት።

ከጠረጴዛው ሥር አየ። ኪሱን ዳበሰ። በመጨረሻ ከሱቁ ወጥቶ ጎረቤቱ አቶ ስመኘው ዘንድ ሄደ።

አቶ ስመኘው ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዘንድሮ ሰኔ ወዲህ ግን ዓይናቸው ስለደከመ እርሳቸው ይናገራሉ፣ ልጃቸው ትጽፋለች። የዓይናቸውን ነገር ማንም አያነሣም። እርሳቸው «ልምድ እንድትቀስም ብዬ ነው» ይላሉ፤ ባለጉዳዩም «ደግ አደረጉ» ይላል።

ልጅቷ ሕሊና ትባላለች። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት መምጣቷ ነው።

«ላጲስ ይኖራችኋል?» አለ ያረጋል።

«እኛ ዘንድ የተጻፈ አይጠፋም» አለች ቀና ሳትል።

«እኛ ዘንድ ደግሞ ሳይጠፋ የሚቆም ቤት የለም።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። ያረጋል የመጣበትን ጉዳይ ረሳና ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። በተበላሸ ማመልከቻ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ ነገር አየ። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከነፋሱ የዞረ ጣራ፣ ውኃው ወደ ኋላ የሚወርድበት ቦይ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የአባዬ ሸራ።»

«ሸራው እንዲህ አይደለም እኮ።»

«እንዲህ ቢሆን ኖሮ ባለጉዳዩ አይረጥብም ነበር።»

ያረጋል ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን አያት። ያለ ላጲስ ተመለሰ። በማግሥቱ ማስመሪያ፣ በሦስተኛው ቀን ሙጫ ሊዋስ መጣ። አቶ ስመኘው ሰውየው ምንም ዕቃ ሳይኖረው ሱቅ የከፈተ መሆኑን ታዘቡ።

በነሐሴ አጋማሽ የቋሪት ወረዳዋ ወይዘሮ አስካለ ማርያም «ድንበሬን ገፍቶ አረሰብኝ» ብለው መጡ። ማመልከቻው ንድፍ ያስፈልገዋል ተባለ፤ ንድፉ ደግሞ ልኬት። ሕሊና ቃሉን ልትጽፍ፣ ያረጋል ሊለካ፣ ሁለቱ ገበዝ ማርያም አጠገብ ወዳለው የድንች ማሳ ሄዱ። እሷ የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘች፣ እሱ ሌላውን። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሦስት ጊዜ ለኩ።

«አንተ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ከዳር ሆነው። «መሬቴን ነው ወይስ እርስ በርስ ነው የምትለካኩት?»

«እንዳንሳሳት ብለን ነው፣ እማማ።»

«እሱስ ተሳስታችኋል» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሕሊና የጫማዋን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች ጠየቀችው።

«አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

ስለ ምን እንደምታወራ ያውቃል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። መስከረም ሃያ ሁለት፣ ሰኞ፣ ለአርክቴክቸር የሚገቡ ተማሪዎች ባሕር ዳር የሥዕል ፈተና ይፈተናሉ፤ ያለፈ አምስት ዓመት እዚያው ይማራል። በዚያው ሰኞ እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜና እሑድ ሕግ የሚያስተምረው የግል ኮሌጅ ምዝገባውን ይዘጋል። ሕግ ብትማር ከአባቷ ጎን አትነሣም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ነው። አቶ ስመኘው «ምርጫው ያንቺ ነው» ይላሉ፤ ብለውም የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ ማታ ማታ ከራቱ አጠገብ ያስቀምጣሉ።

ያረጋል ሜትሩን ቀስ አድርጎ ጠቀለለ። አምስት ዓመት ስንት ክረምት እንደሆነ በልቡ ቆጠረ።

«ሕግ» አለ።

«ሕግ?»

«የሚከበር ሙያ ነው።»

«የኔን ሥዕል ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«አይቻለሁ። ግን… እዚሁ ትሆኛለሽ።»

«እዚህ መሆኔ ለማን ነው?»

መልሱ አፉ ላይ ነበር። የድንቹን አበባ አየ፣ ሰማዩን አየ፣ በመጨረሻም «ለአባትሽ» አለ።

ሕሊና እንጨቱን ጣለችው። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስለ መንገዱ እንኳ አልተነጋገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያረጋል ሱቅ ውስጥ ምንም ዕቃ አልጠፋም።

መስከረም ገባ። ሕሊና «ገና አልወሰንኩም» አለች። ለጠየቃት ሁሉ እንዲሁ ትላለች።

መስከረም ሃያ አንድ፣ እሑድ ማታ ራት ላይ «አባዬ፣ ነገ ቡሬ ደርሼ ልምጣ። የአስካለ ማርያም ምስክር እዚያ ነው ያለው፤ ቃሉን ጽፌ እመለሳለሁ» አለች።

«ደግ» አሉ አባቷ። መጽሐፉን ግን ያን ዕለት አላወጡትም።

ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደርሳ በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ፣ አቶ ስመኘው ካፖርታቸውን ለብሰው በመስኮት በኩል ተቀምጠዋል። ከቤት ስትወጣ የተኙ መስሏት ነበር።

«አባዬ! ወዴት ነው?»

«ቡሬ» አሉ። «ወዳጄ ቂርቆስ ታሟል አሉ፤ ልጠይቀው።»

«አብረን መሄዳችን ጥሩ ሆነ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ጥሩ አልሆነም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ያረጋል እየሮጠ መጣ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በበሩ በግድ የሚያልፍ ሰፊ ነገር ታቅፏል። አያቸው። ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ቡሬ ነኝ፤ እናቴ ዘንድ።»

«እኛም ቡሬ ነን» አሉ አቶ ስመኘው። «ያ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የሥዕል ሰሌዳ። ለእናቴ።»

«እናትህ ይሥላሉ?»

«ይሞክራሉ» አለና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሚኒባሱ ተነሣ። በግራና በቀኝ አደይ አበባ፣ የበቆሎ ማሳ፣ ወደ ገበያ የሚጓዙ ፈረስ ጋሪዎች። ሦስቱም አገራቸውን ያን ያህል በትኩረት ተመልክተው አያውቁም።

«ቡሬ! ወራጅ!» አለ ሾፌሩ ጥግ ይዞ።

ዶሮ የያዙ አንዲት ሴት ወረዱ። አንድ ዲያቆን ወረደ። በሩ ክፍት ሆኖ ቆየ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየ። «ቡሬ ያላችሁኝ ሌላ ሦስት ነበራችሁ።»

ሕሊና እጇን አየች። ያረጋል ብርድ ልብሱን አጠበቀ። አቶ ስመኘው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ንዳ» አሉ።

በሩ ተዘጋ። ከተማው ከኋላ ቀረ። ሦስት መንደር ያህል ካለፉ በኋላ አቶ ስመኘው ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«እስቲ አንብቢልኝ። ስሕተት እንዳይኖር።»

የራሳቸው እጅ ጽሕፈት ነው። ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ ወደ ላይ የሚወጣ። ለመግባት የሥዕል ፈተና ብቻ ይበቃል መባሉን አያምኑም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን ያለ ማመልከቻ የተፈጸመ ጉዳይ አላዩም። ሕሊና እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር። ጉዳዩ፦ ልጄ አርክቴክቸር እንድትማር ስለ መጠየቅ። አመልካች እስከ ዛሬ ሕግ እንድትማር የገፋኋት ለእሷ አስቤ ሳይሆን ዓይኔ ስለደከመና ብቻዬን መቅረት ስለፈራሁ መሆኑን አምናለሁ…»

ቀና ብላ አባቷን አየቻቸውና ቀጠለች።

«የሰው ማስረጃ። አንደኛ፣ ያረጋል እጅጉ፣ የፕላን ሠራተኛ። የሚያስረዳው ጭብጥ፣ ልጅቷ መሣል እንደምትችል። ሁለተኛ ጭብጥ፣ እንደሚወዳት። ይህንኑ እስከ ዛሬ ያልተናገረው…»

ከዚህ በላይ ማንበብ አልቻለችም። ኋላ ወንበር ላይ ሰሌዳው ከያረጋል ጉልበት ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዷ አለ።

አቶ ስመኘው ዞረው አላዩም። የመቀመጫውን ጀርባ ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉ። «ምስክር ከኋላ ሆኖ ቃሉን አይሰጥም።»