ከሲሚንቶው ጀርባ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ረፋዱ ላይ፣ ከራጉኤል ወዲያ ቁልቁል የሚወርደው የመርካቶ መንገድ እንደ ሰንበቱ ፋታ አግኝቶ ነበር። የሱቆቹ መዝጊያ ወርዷል፤ ጋሪዎች ጎማቸውን ወደ ላይ አድርገው ተደፍተዋል፤ በየምሰሶው ላይ ስለ መጪው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የሚያወሳ ወረቀት ተለጥፏል። ያን ጊዜ በአገሩ ከአዲሱ ሺህ ዓመት ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ሀብታሙ ፎቅ ያስጀምራል፤ ድኻው አጥሩን ኖራ ይቀባል፤ ዘመን በእንግድነት የሚመጣ ይመስል ሰው ሁሉ የደጁን ጉድፍ ሲያነሣ ይውላል።

በዚሁ መንገድ፣ በሁለት የጣቃ መጋዘኖች መካከል ባለች ጠባብ በር ሲገቡ፣ የአቡነ ሊባኖስ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሰፈሩ ሰው በእንጨትና በጭቃ ያቆማት ክብ ደብር ናት፤ በዚያ ዘመን ግን ለሚያያት ሁሉ ግራጫ ሲሚንቶ ለብሳ ነበር። ቅዳሴው አብቅቶ ምእመናኑ በቅጽሩ ካለችው ወይራ ሥር ሲሰበሰቡ፣ ጫማቸውን እንደ መስተዋት ያስወለወሉት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ዘውገ ተነሥተው ሐሳባቸውን ዘረጉ፤ ግድግዳው አንድ እጅ ሲሚንቶ ይደገምለታል፤ ክሬም ቀለም ይቀባል፤ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።

«እንግዲህ ወይዘሮ ሠርኬ» አሉ ወደ ሴቶቹ ወገን ዞረው፤ «የዚህ ትምህርት ባለቤት እርስዎ ነዎት። ስንት ኩንታል እንደሚበቃን ይንገሩንና እንነሣ።»

ሠርኬ ሕንፃ ኮሌጅ ተምራ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል በመንግሥት ሥራ የሌላውን ሰው ግንብ ስትመረምር ኖራ፣ በዚያው ዓመት ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሲሚንቶውን ያስለበሰው ባሏ ምንይሉ ነበር። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ሳለ፣ ጓደኞቹን አስተባብሮ፣ ሸሚዙን ሰብስቦ ከግንበኞቹ ጋር አሸዋ እያቀበለ አሠራው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው «የምንይሉ ግድግዳ» ይለዋል። በሦስት ቀን ሕመም ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሠርኬ ስለ እርሱ ከማንም ጋር አታወራም፤ ነገር ግን በየሰንበቱ ከበሩ ስትደርስ አንዱ ለአንዱ «ነፍሱን ይማረው፣ ይህን ሠርቶልን ሄደ» ሲል ለመስማት እርምጃዋን ታዘገያለች። ከሐዘኗ ማጽናኛ ብላ የያዘችው ይህንኑ ነበር።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንድም ኩንታል አያስፈልግም» አለች።

«እሰይ! ወጪ ቀነሰልን» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

«የምቀልድ አይደለሁም። ያለው ሲሚንቶ መነሣት አለበት። ጭቃ ከመሬት የጠጣውን ውሃ በፊቱ ይተነፍሰዋል፤ እኛ ፊቱን ደፈንነው። ውሃው መውጫ ቢያጣ ቋሚውን እየበላው ነው። በሰሜን በኩል ያለው ሆዱን ነፍቷል፤ ይህን ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም።»

አቶ ዘውገ ድምፃቸው ተለወጠ። የምንይሉ የልብ ወዳጅ ነበሩ። «የምንይሉን ግድግዳ? የገዛ ባልዎን ሥራ አፍርሱ ነው የሚሉን?»

«አዎን። የምንይሉን።»

ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እማማ በለጥሻቸው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ምነው ልጄ! ሙት ወቃሽ አታድርገኝ ይባላል እኮ።»

«የምወቅሰው ሙቱን አይደለም፣ እማማ» አለች ሠርኬ። «ያን ጊዜ ጠይቆኛል። አይሆንም አልኩት፤ ሳቀብኝ። ሁለተኛ አልተናገርኩም። እልልታው ደርቶ ነበር፤ ደስታውን ላጠፋበት አልፈለግሁም። እሱ የሠራው በፍቅር ነው፤ ያወቅሁት እኔ ዝም አልኩ።»

የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ገነት ገብረ ማርያም ጺማቸውን ሲዳብሱ ቆይተው፣ «በሳምንቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍተን እንይ» አሉ፤ «እውነቷን ከሆነ እንሰማታለን፤ ካልሆነም ቀዳዳውን እንደፍናለን።»

በሳምንቱ ተከፈተ። የቀን ሠራተኞቹ አለቃ አሸብር በመሮ ሲፈለፍለው መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ የጽዱ ቋሚ ታየ። አቶ ዘውገ ጣታቸውን ወደ እንጨቱ ቢሰዱ ቅቤ እንደነካ ሰው ገባላቸው። ጣታቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ፣ «ይህን ነው ቀለም ልቀባው የነበረው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አልተከራከሩም።

የበሰበሱት ቋሚዎች በአዲስ ጽድ እንዲተኩ፣ ግድግዳውም ዳግመኛ በጭቃ እንዲመረግ ተወሰነ፤ ሥራው ሁሉ በበጎ ፈቃድ ነው። በመርካቶ መካከል ግን አፈር ከየት ይምጣ? ከዚያው ማዶ አንድ ነጋዴ ለአዲስ ፎቅ መሠረት ያስቆፍር ነበርና ቀዩን አፈር ውሰዱ አለ፤ የመርካቶ ተሸካሚዎች በሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጆንያ አጋዙት። ጭዱን የሰጡት የሰፈሩ ነጋዴ ሐጂ ሙራድ ናቸው፤ አርባ እስር አስጭነው፣ እርሳቸውም ከኋላ ተከትለው ከቅጽሩ በር ደረሱ።

«ሐጂ፣ ዛሬስ ሊሳለሙ መጡ?» አለ አሸብር።

«ጭዴን ልሸኝ ነው የመጣሁት። ልጁን የሚድር አባት የገባችበትን ቤት ሳያይ ይመለሳል?»

«እንግዲያው የሙሽራዋ አባት ጭቃም ይረግጣሉ!»

«ከሊቀ መንበሩ ጋር ከሆነ እረግጣለሁ» አሉ ሐጂ፣ በዐይናቸው ወደ አቶ ዘውገ ጫማ እያመለከቱ።

«እኔ ሥራውን እመራለሁ» አሉ አቶ ዘውገ።

«ታዲያ ጭቃ ማቡኪያው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ከፊት ይምሩን እንጂ ጋሼ! ጭቃ በቃለ ጉባኤ አይቦካም!» አለ አሸብር።

ሴቶቹ ከሳቅ ብዛት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አቶ ዘውገ ጥቂት አመነቱ፤ ቀጥሎም ወይራው ሥር ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ፈቱ፤ ካልሲያቸውን አጣጥፈው በጫማቸው ውስጥ አኖሩ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገቡ። ሐጂም ተከተሉ። ከዚያ ሰንበት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ዲያቆንና ጋሪ ገፊ፣ የባንክ ሠራተኛና ሽሮ ነጋዴ፣ በየተራ ጭቃውን ሲረግጡ፣ ውሃ ሲያጠጡ፣ ጭድ ሲያለብሱ ሰነበቱ። በደጅ የሚያድሩት ተሸካሚዎች ከማኅበሩ ሴቶች እጅ ምሳ ይበሉ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያገለግል የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ሠርኬ በየማለዳው ከጭቃው ቆንጥራ ታሸታለች፤ በመዳፏ አድበልብላ ስንጥቅ ትፈልጋለች፤ «ገና ነው» ትላለች፤ ትሄዳለች።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን «ደርሷል» አለች።

ሲሚንቶው የተገፈፈው በዚያ ቀን ነው። ታችኛው ክፍል እየተፈረፈረ ወረደ። ከደረት በላይ ያለው ግን በደረቅነቱ ጸንቶ ነበርና፣ አሸብር ጠርዙን በመሮ ዙሪያውን ከፍቶ፣ በገመድ አስሮ፣ የመዝጊያ ሳንቃ የሚያህለውን ገበታ በአንድ ጊዜ አላቀቀው። አራት ሰዎች ተቀብለው ፊቱን ወደ ምድር፣ ጀርባውን ወደ ሰማይ አድርገው አስተኙት። የረፋዱ ፀሐይ በአግድም አረፈበት።

አሸብር ትቢያውን በእጁ ሊጠርግ ጎንበስ እንዳለ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ሰው አለበት።»

ሁሉም ተጠጉ። በሲሚንቶው ጀርባ ላይ እጆች ነበሩ። ጥንት የሰፈሩ ሴቶች እርጥቡን ጭቃ በመዳፋቸው ሲመርጉ የተዉትን አሻራ፣ ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ በላዩ የፈሰሰው ሲሚንቶ ጎድጓዳውን ሁሉ ሞልቶ ቀድቶት ኖሯል፤ እናም ጭቃው ላይ የጎደጎደው ሁሉ በዚህኛው ላይ ጎልቶ ወጥቷል። የተዘረጋ መዳፍ፤ አራት ጣት ጎን ለጎን ሲጎተት፤ ሰፊ አውራ ጣት፤ ቀለበት ያለው እጅ፤ ከእጆቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ አንድ የሕፃን መዳፍ። በርካታ ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው፣ ከወዲያ ወገን ድንጋዩን ገፍተው ሊወጡ የተቃረቡ ይመስሉ ነበር። ከደጅ የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤ ጋሪ ይንኳኳል። በቅጽሩ ውስጥ ግን መሮ የያዘው መሮውን፣ ባሬላ የያዘው ባሬላውን ምድር አስቀመጠ። መልአከ ገነት አማተቡ። ሐጂ ሙራድ «ሱብሓነላህ» አሉ።

እማማ በለጥሻቸው መንገድ ተለቀቀላቸው። ግድግዳው ሲመረግ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ከመራጊዎቹ አንዷ ነበሩ። ተንበርክከው እያንዳንዱን እጅ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ።

«የትኛው ነው እማማ?» አሏቸው አቶ ዘውገ።

«እንጃ» አሉ አሮጊቷ ቀና ሳይሉ። «ሁሉም እናቴን ይመስላል።»

ሠርኬ ባለችበት ቆማ ቀርታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ለዚህ ቀን ልቧን ስታደነድን የሰነበተች ሴት ናት፤ የባሏ ሥራ ተሰባብሮ በጆንያ ሲወጣ ታያለች፤ ዐይኗን አታርስም፤ እንዲህ ነበር ያሰበችው። ግድግዳው ላይ የቀረው አሻራ በዚሁ ቀን በአዲስ ጭቃ ይሸፈናል፤ ታችኛውም በስብሶ ጠፍቷል። እነዚያ ሴቶች በዚህ ዓለም ለሚመጣ ዐይን የቀሩት ምንይሉ ሳያውቅ ባፈሰሰው ሲሚንቶ ላይ ብቻ ነው። ተሳስቶ ነበር፤ ስሕተቱ ቤቱን ሊጥል ነበር፤ የእርሱኑ ስሕተት ሲገለብጡት ይህ ተገኘ። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ከበዳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩ አዩ፤ ማንም አልነካትም።

ቆይተው አቶ ዘውገ ባዶ እግራቸውን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ እንደ ሆኑ ቀረቡ። «ወይዘሮ ሠርኬ፤ ገበታውን በበሩ እናቆመዋለን። የምንይሉንም ስም እናስቀርጽበታለን። ይገባዋል።»

ሠርኬ ይህን ቃል ለመስማት በየሰንበቱ እርምጃዋን ስታዘገይ ኖራለች።

«የእነሱን ስም የሚያውቅ አለ?» አለች።

«የለም።»

«እንግዲያው የእሱንም አትጻፉ። ከእነሱ መካከል እሱ ብቻ ቢጠራ ያፍራል።»

ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከጭቃው አንድ እፍኝ ዘግና፣ የመጀመሪያውን መዳፍ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሴቶቹ እልል አሉ።

የበሰበሱት ቋሚዎች ተተክተው፣ ሥራው ሰኔ ሳይገባ ተፈጸመ። የተረፈው ጭቃ በሰፈሩ ላሉ የአቅመ ደካማ ቤቶች ዋለ፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ አሥራ ሰባት ቤት ተመረገ። ክረምቱ በኀይል ዘነበ፤ ግድግዳው ቆመ፤ ሁለት ሺህም በእልልታ ገባ።

ደብሩ ለአዲሱ ሺህ ዓመት ያሳተመው መጽሔት ስለዚህ ሁሉ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «የሕንፃው እድሳት በምእመናን ትብብር ተከናውኗል» ይላል። አሥራ ሰባቱ ቤቶች በኋላ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ፈርሰዋል። በዚያን ሰሞን ከተላቀቁት የሲሚንቶ ገበታዎች አብዛኞቹ ሲጓጓዙ ተሰባብረው ለመንገድ ሙሌት ገብተዋል፤ የተረፈው አንድ ነው፤ እርሱም በበሩ መቆሙ ቀርቶ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «የምንይሉ ግድግዳ» የሚል ሰው ከጊዜ በኋላ ጠፋ፤ ሠርኬም በበሩ ስታልፍ እርምጃዋን ማዘግየት ተወች።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስጎብኚ እንግዶችን ይዞ ወደዚያ ዕቃ ቤት ገባ፤ ሠርኬ በጥግ ተቀምጣ ጧፍ ትለያለች። እንግዶቹ በገበታው ፊት እንደ ደረሱ ቆሙ። አንዷ «ማነው የሠራው?» ብላ ጠየቀች።

«ሠሪው አይታወቅም» አለ አስጎብኚው።

ሠርኬ ሰማች፤ አላረመችውም። ምንይሉ ከእነማን ጋር እንደተቆጠረ ታውቅ ነበርና።